ሶደርማልም፦ ከቅጥር ውጭ የኖረው የስቶክሆልም ታሪክና ቅሪቶቹ

ሶደርማልም በስዊድን መዲና በስቶክሆልም፣ ጋምላ ስታን ከሚባለው አሮጌ ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ደሴት ነው። ዛሬ ካፌዎችና ሱቆች የሞሉበት፣ የመኖሪያ ቤት ዋጋው የናረ የከተማዋ ክፍል ቢሆንም፣ ለብዙ ምዕት ዓመታት ከከተማዋ ቅጥር ውጭ የቀረ ስፍራ ነበር። በመሆኑም በደሴቱ ላይ የሚታዩት ቅሪቶች ከነገሥታት ይልቅ የሠራተኞችን፣ የነጋዴዎችንና በሞት የተቀጡ ሰዎችን ታሪክ የሚያስታውሱ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሰፈሩት ዓመታት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስያሜና ጅማሬ

የስቶክሆልም ስም በጽሑፍ የሚገኘው ከ1252 ጀምሮ ነው። ሶደርማልም ደግሞ የስትሬንግኔስ ጳጳስ አኑንድ በ1288 በጻፉት ደብዳቤ ላይ ተጠቅሷል። «ሶደር» ደቡብ ማለት ሲሆን፣ «ማልም» ጠጠርና አሸዋ የበዛበትን ከፍታ ያመለክታል። የደሴቱ የቀድሞ መጠሪያ ግን «ኦሶን»፣ ማለትም «የሸንተረር ደሴት» ነበር፤ ይህ ስም ዛሬም ኦሶጋታን በተባለው ጎዳና ላይ ይኖራል። እስከ 17ኛው ምዕት ዓመት ድረስ አብዛኛው መሬት ገጠርና እርሻ ነበር።

የ1520 እልቂት

የዴንማርክ ንጉሥ ክርስቲያን ሁለተኛ ስቶክሆልምን ድል አድርጎ በያዘበት ዓመት፣ በኅዳር ወር 1520፣ ከ80 የሚበልጡ መኳንንት፣ ካህናትና የከተማ ሰዎች በመናፍቅነት ተወንጅለው በአሮጌው ከተማ አደባባይ ተገደሉ። አስከሬኖቹ ወደ ሶደርማልም ተወስደው ተቃጠሉ። አስቀድሞ ሞቶ የተቀበረው የስዊድን መሪ ስቴን ስቱረ ሳይቀር ዐፅሙ ከመቃብር ወጥቶ አብሮ ነደደ። ድርጊቱ የቀሰቀሰው ዐመፅ ጉስታቭ ቫሳን በ1523 ለዙፋን አበቃው፤ ስዊድንም ከዴንማርክ ጋር ከነበራት ኅብረት ወጣች።

ከዘመናት በኋላ በዚያው ስፍራ ላይ የካታሪና ቤተ ክርስቲያን ታነጸ። ግንባታው በንጉሥ ካርል አሥረኛ ጉስታቭ ዘመን፣ በአርክቴክት ዣን ደ ላ ቫሌ ንድፍ በ1656 ተጀምሮ በ1695 ተጠናቀቀ።

ጎዳናዎችና ንግድ

በኢትዮጵያ አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1640ዎቹ፣ ሶደርማልም በቀጥተኛ ጎዳናዎች እየተሸነሸነ የከተማ መልክ ያዘ። ዛሬም ዋና መንገዶች የሆኑት ዮትጋታንና ሆርንስጋታን የዚያ ዘመን ውርሶች ናቸው። የሜላረን ሐይቅንና የባልቲክ ባሕርን የሚያገናኘው የመርከብ ማለፊያ በር በ1642 ተሠራ፤ አካባቢው እስካሁን የሚጠራበት «ስሉሰን» የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ በር ነው። በአቅራቢያው የሚገኘው «ሪስጎርደን» አደባባይ በዚያ ይነግዱ ከነበሩት ሩሲያውያን ስሙን ወርሷል። በስፍራው የቆመው የ17ኛው ምዕት ዓመት ሕንፃ ዛሬ የስቶክሆልም ከተማ ሙዚየም ነው።

እሳትና የእንጨት ቤቶች

በግንቦት 1 ቀን 1723 የተነሣው ቃጠሎ የካታሪና ቤተ ክርስቲያንን ጉልላትና የአጥቢያውን ግማሽ ያህል ቤቶች አወደመ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት እንደገና ቢሠራም፣ በግንቦት 17 ቀን 1990 ዳግመኛ በእሳት ወደመ። አርክቴክት ኡቨ ሂደማርክ በቀድሞው የአናጢነትና የግንበኝነት ጥበብ ካሠሩት በኋላ በ1995 ተከፍቷል።

ሜስተር ሚካኤልስ ጋታ በተባለው መንገድ፣ በፍየልጋታንና በቪታ በርየን ኮረብታ አካባቢ የሚታዩት ዝቅተኛ የእንጨት ቤቶች የሠራተኞችና የድኾች መኖሪያ ነበሩ። ሜስተር ሚካኤል በ17ኛው ምዕት ዓመት የከተማዋ የሞት ፍርድ አስፈጻሚ ሲሆን፣ በ1650 ሰው ገድሎ ራሱ በሞት ተቀጥቷል። የኋለኛውን የፋብሪካ ዘመን የሚመሰክረው ደግሞ ክኑት አውጉስት አልምግሬን በ1833 ያቋቋመው የሐር ሽመና ፋብሪካ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ አሮጌዎቹን የሽመና መሣሪያዎች ለጎብኚ ያሳያል።

ማፍረስ ወይስ ማቆየት?

በ20ኛው ምዕት ዓመት እነዚህ ቤቶች የድህነት ምልክት ተደርገው ይታዩ ስለነበር ብዙዎቹ ፈረሱ። የከተማው ምክር ቤት አባል የነበረችው አና ሊንድሃገን በሶደርማልም ያሉት አሮጌ ቤቶች እንዲጠበቁ ከተከራከሩት ቀደምት ሰዎች አንዷ ናት። በ1977 መገባደጃ ደግሞ ወጣቶች «ሙልቫደን» በተባለው ሰፈር ሊፈርሱ የተወሰነባቸውን ቤቶች ይዘው ተቀመጡ። በመስከረም 1978 ፖሊስ ለቀናት ከከበባቸው በኋላ አስወጣቸው፤ ቤቶቹም ፈረሱ። ክርክሩ ግን የአሮጌ ሰፈር ጥበቃ የሕንፃ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ በከተማ ውስጥ የመኖር መብት ጥያቄ መሆኑን አደባባይ አወጣ።

ዛሬ ከተረፉት የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹን የሚያስተዳድረውና የሚያከራየው ስታድስሆልመን የተባለ የከተማው ኩባንያ ነው። በስሉሰን ደግሞ ከ1935 ጀምሮ ያገለገለው የመንገድ ማሳለጫ ከ2016 አንሥቶ ፈርሶ በአዲስ እየተተካ ሲሆን፣ ከቻይና በመርከብ የመጣው ወርቃማ ቀለም ያለው ድልድይ በ2020 ለትራፊክ ክፍት ሆኗል። ድልድዩን አቋርጦ ወደ ደሴቱ የሚዘልቅ ጎብኚ፣ የ1520ውን እልቂት በሚያስታውሰው ቤተ ክርስቲያንና አንድ ጊዜ ድኾች ይኖሩባቸው በነበሩት ቤቶች መካከል የሚያልፈው በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው።