የእጅ ጌም ወደ ቴሌቪዥን ለመድረስ ለምን 28 ዓመት ፈጀበት?

ዛሬ ከፖለቲካው ትኩሳት ትንሽ ፈቀቅ እንበል። ፈቀቅ ስንል ግን ከቁም ነገር እየሸሸን አይደለም። ጉዳያችን አንዲት አጭር ገመድ ናት፤ በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽንን ከቴሌቪዥን ጋር የምታገናኝ ገመድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኔንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌም ቦይ የሚባለውን የእጅ ማሽን ለገበያ ያቀረበው በ1989 ነው። ያው ኩባንያ በእጅ ይዘው የሚጫወቱበትን፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ ማስቀመጫው ላይ ሲሰኩት ምስሉ ወደ ቴሌቪዥን የሚሻገረውን ስዊች ያወጣው ማርች 3 ቀን 2017 ነው። በመካከሉ 28 ዓመት አለፈ።

ምስልን ከትንሽ ስክሪን ወደ ትልቅ ስክሪን ማሻገር ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ነው? አልነበረም። ቴክኖሎጂው ገና በ1990ዎቹ ሱቅ ውስጥ ይሸጥ ነበር። ነገሩን ያዘገየው የንግዱ ስሌት ነው። ይህን የቆየ ታሪክ ዛሬ የማነሳው፣ ያው ስሌት አሁንም በኪሳችን ባለው ስልክ ላይ እየሠራ ስለሆነ ነው።

*

ታሪኩ የሚጀምረው ከቴሌቪዥኑ ነው። ራልፍ ቤር ጀርመን የተወለደ፣ የናዚን ግፍ ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባ መሐንዲስ ነበር። በ1966 አንድ ጥያቄ ያዘው፦ በሚሊዮኖች ቤት የተቀመጠው ቴሌቪዥን ጣቢያ ከመቀበል ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል? ከዚያ ጥያቄ የተወለደው ማሽን በ1972 ኦዲሲ ተብሎ ወጣ። ያወጣው ማግናቮክስ የተባለ ቴሌቪዥን አምራች ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ከቴሌቪዥኑ የአንቴና መግቢያ ጋር ይያያዛል፤ ቴሌቪዥኑም እንደ አንድ ተጨማሪ ጣቢያ ቆጥሮ ይቀበለዋል። በሌላ ኩባንያ ቴሌቪዥን ላይም ይሠራ ነበር። ይሁንና ብዙ ገዢዎች የማግናቮክስ ቴሌቪዥን ከሌለህ አይሠራም ብለው አምነው ነበር። «ይሄ ከዚያ ጋር ይገጥማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የገዢው ራስ ምታት ነው።

የእጅ ጌም የመጣው ከዚህ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ኔንቴንዶ በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የተመሠረተ የመጫወቻ ካርታ አምራች ነበር። ጉንፔይ ዮኮይ በ1960ዎቹ የተቀጠረውም የካርታ ማምረቻ ማሽኖቹን እንዲጠግን ነው። እንደሚተረከው፣ ይህ ሰው ባቡር ላይ አንድ የሰለቸው መንገደኛ የሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች እየነካካ ጊዜ ሲገድል አየ። በ1980 ጌም ኤንድ ዋች የተባሉት ትንንሽ ጌሞች ወጡ፤ ስክሪናቸው የሒሳብ ማሽን ስክሪን ዓይነት ነበር።

የዮኮይ እምነት ግልጽ ነው፦ አዲስና ውድ ቴክኖሎጂ አታሳድድ፤ የቆየውን፣ የረከሰውንና ጠባዩ የታወቀውን ይዘህ ለአዲስ ነገር አውለው። ጌም ቦይም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ከአረንጓዴ እስከ ጥቁር 4 ደረጃ ብቻ ያሳያል። የራሱ መብራት ስለሌለው ጨለማ ውስጥ አይታይም። ግን በ4 ባትሪ ድንጋይ ረጅም ሰዓት ይጫወታል፣ ዋጋውም ቀለም ካላቸው ተወዳዳሪዎቹ ያንሳል። እነዚያ ባለቀለም ማሽኖች ባትሪ ሲበሉ፣ ጌም ቦይ ከኋላ ከመጣው ባለቀለም ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ለዮኮይ የእጅ ጌም ትርጉሙ ከቴሌቪዥን ነፃ መውጣት ነበር። በአንድ ቤት አንድ ቴሌቪዥን በነበረበት ዘመን፣ አባት ዜና ሲያይ ልጅ ጥግ ይዞ የሚጫወትበት ነገር ነው የሠራው። ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኝ ነገር መጨመር ደግሞ ዋጋ መጨመር ነው። በ1989 «ለምን ገመድ የለውም?» ብሎ መክሰስ አግባብ አይሆንም።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

*

ሕዝቡ ሳያውቀው ጌም ቦይ በቴሌቪዥን መታየት ጀምሮ ነበር። ዋይድ ቦይ የተባለ መሣሪያ የጌም ቦይን ካሴት ተቀብሎ በኔንቴንዶ የቤት ማሽን በኩል ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ይልከዋል። ይህ መሣሪያ ሱቅ አልገባም። የተሰጠው ለጌም ሠሪዎችና ፎቶ ለሚፈልጉ የጌም መጽሔቶች ነው። ሊሠራ የሚችል ነገር ነበር፤ የተመረጡ ሰዎች እጅ ላይ ቀረ እንጂ።

በ1994 ሱፐር ጌም ቦይ ለገበያ ወጣ። ከላይ የጌም ቦይ ካሴት የሚሰካበት፣ ራሱ ደግሞ ሱፐር ኔንቴንዶ የተባለው የቤት ማሽን ላይ የሚሰካ ትልቅ ካሴት ነው። ውስጡ የተቀመጠው ግን ማገናኛ ብቻ አይደለም፤ የጌም ቦይ አንጎል እንዳለ ገብቶበታል። የቤቱ ማሽን ጌም ቦይን መስሎ መሥራት ስላልቻለ ነው። እንግዲህ ቁጠሩ፦ አንድ ቤተሰብ ጌም ቦይ ይገዛል፣ ሱፐር ኔንቴንዶ ይገዛል፣ ከዚያ ሁለቱን ለማገናኘት ስክሪን የሌለው ሁለተኛ ጌም ቦይ ይገዛል። ሰዓቱን የሚቆጥረው ከቤቱ ማሽን ስለነበር ጌሞቹ ከትክክለኛው ፍጥነት 2 በመቶ ያህል ይፈጥኑ ነበር። ሁለት ልጆች በሽቦ ተያይዘው የሚጫወቱበት ቀዳዳም አልነበረውም። ሁለቱንም ያስተካከለው በ1998 የወጣው ሁለተኛው ሱፐር ጌም ቦይ ሲሆን፣ የተሸጠው ጃፓን ውስጥ ብቻ ነው። በ2003 ለጌምኪዩብ የወጣው ጌም ቦይ ፕሌየርም ያንኑ መንገድ ተከተለ።

በዚህ መሃል ሴጋ በ1995 አሜሪካ ውስጥ ኖማድ የተባለ የእጅ ማሽን አወጣ። ኖማድ የሚጫወተው የቤቱን ማሽን፣ የጄነሲስን፣ ካሴቶች ራሳቸውን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቴሌቪዥን መውጫ ነበረው፤ ለሁለተኛ ተጫዋች የጆይስቲክ መሰኪያም ነበረው። ስዊች ከመምጣቱ 22 ዓመት በፊት ማለት ነው! ግን 6 ባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርስ ነበር። ሴጋም በዚያው ዓመት ሳተርን የተባለ አዲስ የቤት ማሽን እየሸጠ ስለነበር የቀድሞውን ዞሮ አላየውም። ኖማድ ተረሳ። ከውድቀቱ ኢንዱስትሪው የወሰደው ትምህርት «እንዲህ ያለ ነገር ሰው አይፈልግም» የሚል ይመስላል። የወደቀው ግን ባትሪውና ጊዜው ነበር።

*

ሶኒ ደግሞ በሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ፒኤስፒ በ2004 ሲወጣ የቴሌቪዥን መውጫ አልነበረውም። በ2007 የመጣው ቀጭኑ ፒኤስፒ 2000 ምስል በገመድ ወደ ቴሌቪዥን ማውጣት ቻለ። ሆኖም ፊልሙ በተራው ቢጫ ቀይ ነጭ ገመድ ሲታይ፣ ጌሙ ግን የሚታየው ባለ 5 ጫፉን ኮምፖነንት ገመድ ለገዛና እሱን የሚቀበል ቴሌቪዥን ላለው ብቻ ነበር። በዚያም ላይ የፒኤስፒ ምስል 480 በ272 ነጥብ ስለሆነ፣ ጌሙ በትልቁ ቴሌቪዥን መሃል በጥቁር ተከቦ ይታያል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ፒኤስፒ 3000 ጌሙን በተራው ገመድም አሳየ።

እንግዲህ ተተኪው ከዚህ ይሻላል ብሎ የጠበቀ ሰው አይፈረድበትም። በ2011 የመጣው ቪታ ግን የቴሌቪዥን መውጫ ጨርሶ የለውም። በ2013 ሶኒ ቪታ ቲቪ የሚባል ስክሪን የሌለው ትንሽ ሣጥን አወጣ። የቪታን ጌም በቴሌቪዥን መጫወት ከፈለግህ እሱን ለብቻው ትገዛለህ፤ እሱም ሁሉንም ጌም አይቀበልም።

ይህን ስናይ «ቴክኖሎጂው አልደረሰም ነበር» የሚለው ክርክር ይወድቃል። ከ2007 እስከ 2011 ቴክኖሎጂ ወደ ኋላ አልሄደም። የተለወጠው የሻጩ ሐሳብ ነው።

*

ታዲያ ኔንቴንዶ በ2017 ለምን ሁለቱን አገናኘ? የሀገራችን ሰው «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይላል። ኩባንያው ቸግሮት ነበር።

በ2012 የወጣው ዊ ዩ ጆይስቲኩ ላይ 6.2 ኢንች ስክሪን ነበረው። ስክሪኑ ግን ራሱን የቻለ ማሽን አልነበረም፤ ምስሉ በሬዲዮ ሞገድ ከሣጥኑ የሚላክለት ስለሆነ ከሳሎን ብዙ አይርቅም። ከቤት የማይወጣ የእጅ ጌም፣ ሁለት ያጣ ሆነ። ከእሱ በፊት የነበረው ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ዊ ዩ የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ነው። እስከ ማርች 2014 ባሉት 3 ተከታታይ የበጀት ዓመታት ኩባንያው በሥራው ከሰረ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሳቶሩ ኢዋታ በ2014 መጀመሪያ ላይ ለ5 ወራት ደመወዛቸውን በግማሽ ቀነሱ።

በዚህ መሃል የተደረገ አንድ ነገር ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው። በ2013 ኔንቴንዶ ለየብቻ ይሠሩ የነበሩትን ሁለት ክፍሎች፣ የእጅ ማሽን የሚሠራውንና የቤት ማሽን የሚሠራውን፣ አንድ አደረጋቸው። ማሽኖቹ ከመገናኘታቸው በፊት መሐንዲሶቹ ተገናኙ። ኢዋታ በጁላይ 2015 በ55 ዓመታቸው አረፉ፤ ስዊች ገበያ ሲወጣ አላዩትም። ማሽኑ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ሰው ይፈልገው የነበረው ነገር ይኸው ነበር።

*

«እሺ፣ ተገናኙ፤ ታሪኩ እዚህ ያልቃል» እንዳንል የሚያደርጉን ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ዶክ የሚባለው የስዊች ማስቀመጫ ከውጭ ሲታይ ትልቅ ማሽን ይመስላል፤ ሥራው ግን ኤሌክትሪክ መስጠትና የታይፕ ሲውን ምስል ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየር ነው። ጌሙን የሚሠራው አንጎል ያለው በእጅ በሚያዘው ክፍል ውስጥ ነው። ቀዳዳው የታወቀው ታይፕ ሲ ቢሆንም፣ የማንኛውም ኩባንያ ዶክ አይሆንም። በ2018 የማሽኑ ሶፍትዌር ከታደሰ በኋላ፣ ፈቃድ የሌላቸው የሌሎች ኩባንያዎች ዶኮች ላይ የሰኩ ተጠቃሚዎች ማሽናቸው እንደሞተባቸው ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ በ2019 የመጣው ስዊች ላይት ያው ታይፕ ሲ ቀዳዳ አለው፤ ምስል ግን አያወጣም። በእርግጥ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ከዋናው በ100 ዶላር ያነሰ ነበር፤ ለብዙ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግን ቀዳዳው አንድ ዓይነት ነው። በሌላ በኩል በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ በማንኛውም ደህና የታይፕ ሲ ማገናኛ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ይቻላል።

ሦስተኛው እኛንም ይነካል። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ስልክ፣ ታብሌትና በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን በታይፕ ሲ ቻርጅ እንዲደረግ በሕግ አስገድዷል። መልካም ሕግ ነው፤ የቻርጀር ክምርን ይቀንሳል። ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ነው፤ ምስል የማውጣት ግዴታ የለበትም። ውጤቱን እናውቀዋለን፦ ብዙ ርካሽ ስልኮች ዛሬ ያው ቀዳዳ ስላላቸው፣ ሰው ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚል ኬብል ገዝቶ ቤቱ ሲሰካ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ኬብሉ ደህና ሊሆን ይችላል። ስልኩ ሲሠራ ምስል እንዲያወጣ ስላልተደረገ ነው።

ኩባንያ ርካሽ ማሽን መሥራቱ ነውር የለውም፤ ዮኮይ ለዓለም ልጆች ውለታ የዋለው በዚሁ ነው። ነውሩ አንድ ዓይነት ቀዳዳ አስቀምጦ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ካርቶኑ ላይ በግልጽ አለመጻፍ ነው። ቀዳዳውን አንድ ያደረገ ሕግ አውጪ፣ ችሎታውም በግልጽ እንዲጻፍ ማስገደድ አያቅተውም። እስከዚያው ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት የስልኩን ወይም የማሽኑን መግለጫ አንብቡ፤ ዲስፕሌይፖርት ወይም የቪዲዮ አውትፑት የሚል ነገር ካላያችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ለመሆኑ የእናንተ ስልክ ምስል ያወጣል? ሞክራችሁ ያያችሁ አስተያየት መስጫው ላይ የስልካችሁን ሞዴል ጻፉልን፤ ለሌላውም ይጠቅማል።