ሬድ ዶት ወይስ ስኮፕ? እሮጌ ላይ የታዩት በቅሎዎች

ፐብጂ የተጫወተ ሰው ክርክሩን ያውቀዋል። ካርባይን ከተገኘ በኋላ የሚቀጥለው ጭቅጭቅ «ሬድ ዶት ልግጠምበት ወይስ ስኮፕ?» የሚል ነው። ቤት ለቤት የሚሯሯጠው ሬድ ዶት ይላል። ኮረብታ ላይ ተኝቶ የሚጠብቀው ደግሞ ፎር ኤክስ ካላገኘሁ አልንቀሳቀስም ይላል። ጨዋታው ሲያልቅ የሞተው ሁሉ ተነሥቶ እንደገና ይጀመራል።

እኔ ያደግሁት ኩታበር ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። አገሩ ሸንተረርና ገደል ነው። ማዶ የሚሄደውን ሰው ማየት ቀላል ነው፤ ማንነቱን መለየት ግን ሌላ ጣጣ ነው። የእኛ አገር ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ሰቅሎበት ይሄዳል። ከ300 ሜትር ላይ ሆናችሁ ስታዩት ዱላው ዱላ ይሁን ጠመንጃ በባዶ ዓይን መለየት ከባድ ነው። ለዚህ ነው የሬድ ዶትና የስኮፕ ክርክር ለእኔ የዕቃ ምርጫ ብቻ ሆኖ የማይታየኝ። ማነጣጠሪያ ሁለት ሥራ አለው፦ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ማሳየትና እዚያ ያለው ምን እንደሆነ ማሳወቅ። የመጀመሪያውን ሁሉም ያወራዋል። ሁለተኛውን ረስተን ምን እንደከፈልን ለማየት ከኩታበር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተንታና ወደ መቅደላ መሻገር ይበቃል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዓርብ። አፄ ቴዎድሮስ ከመቅደላ ፊት ለፊት ባለው ፋላ በሚባለው ከፍታ ላይ ናቸው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከበሸሎ ሸለቆ እየወጣ ነው። ከላይ ሲታይ በእሮጌ ሜዳ አቅጣጫ ብዙ ጠባቂ የሌለው የሚመስል የበቅሎ ሰልፍ ብቅ አለ። ስንቅና ጓዝ መሰለ፤ ሲሳይ ነው! ፊታውራሪ ገብርዬ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይዘው ቁልቁል ወረዱ።

በቅሎዎቹ ግን የጫኑት ሽምብራ አልነበረም። ተራራ ላይ የሚጎተት መድፍና የባሕር ኃይሉ ሮኬት ነበር። እግረኛውም ቅርብ ነበር። እንግሊዛዊው እግረኛ የያዘው ደግሞ ስናይደር የሚባል፣ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነው። የእኛ ሰው ጠመንጃ በአብዛኛው ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ የሚገባ ስለነበር በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኮስ ነው። ስናይደር በደቂቃ እስከ አሥር ይተኩሳል። በዚያ ላይ ዝናብ ወረደ።

ከፋላ ላይ የሚተኮሰው የንጉሡ መድፍም አልጠቀመም፤ አብዛኛው በእንግሊዞቹ አናት ላይ እያለፈ ወደቀ። ከላይ ወደ ታች የሚተኩስ ሰው ዛሬም ይህ ችግር አለበት። ጥይትን ወደ ምድር የሚጎትተው ኃይል የሚሠራው በአግድሙ ርቀት ልክ ነው፤ በገደሉ ላይ ዓይን የሚለካው ርቀት ግን ከዚያ ይረዝማል። ተኳሹ በዓይኑ ርቀት ካለመ ጥይቱ ከፍ ብሎ ያልፋል።

ቀኑ ሲመሽ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞተው ነበር። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የስናይደር ድል ተደርጎ ይነገራል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ከጠመንጃው በፊት የቀደመ አንድ ስሕተት አለ፦ ከሩቅ የታየውን ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቁ ወደ እሱ መውረድ።

ከዚያ ወዲህ «ስናድር» የአማርኛ ቃል ሆነ። የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ደግሞ ውጅግራ ተባለ። ጠመንጃው ሲገባ ስሙ አብሮ ገባ፤ በፎከራና በቀረርቶም ተጠራ። ከጠመንጃዎቹ ጋር ግን ሌላም ነገር ገብቷል፦ ከኋላ ማነጣጠሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር። እነዚህ ጠመንጃዎች ከፍ ዝቅ የሚል መሰላል አላቸው፤ መሰላሉ ላይ ርቀት ተጽፏል። ተኳሹ ርቀቱን በዓይኑ ገምቶ መሰላሉን በዚያው ልክ ያነሣል። ዛሬ ክላሽ ላይ የምታዩት ተንሸራታች ብረትና ከ1 ጀምሮ የሚቆጥረው ቁጥር የዚያው ዘር ነው፤ 3 ማለት 300 ሜትር ነው። ቁጥሩ ጥይቱን ወደ 300 ሜትር ይልከዋል። እዚያ ስላለው ሰው ግን አንዲት ቃል አይናገርም።

ይህን ክፍተት የሞላው ስኮፕ ነው። ጠመንጃ ላይ የሚገጠም ቴሌስኮፕ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ጊዜ አገልግሏል፤ ማለትም ከእሮጌ ውጊያ በፊት ነው። እኛ «አልሞ ተኳሽ» የምንለው ሰው ዓይኑን እንዲህ ባለ መስታወት አሳደገው። ሬድ ዶት ግን የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ መንገዱን ለማስረዳት ወደ ደሴ ልመለስ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ቀን ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው መተኮሳቸው በሰፊው ይታወቃል። እስቲ ያን ተኳሽ አስቡት። አውሮፕላኑ ቆሞ አይጠብቅም። አሁን ያለበት ላይ ቢተኮስ ጥይቱ ሲደርስ እሱ አልፏል፤ ፊቱ፣ ገና በሚደርስበት ባዶ አየር ላይ መተኮስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ዓይን ጨፍኖ ሁለት ብረት ማስተካከል አያዋጣም።

አውሮፕላን ላይ ላለ ተኳሽም ችግሩ ያው ነው። መፍትሔው የደብሊኑ የመስታወት ጠቢብ ሃዋርድ ግረብ እ.ኤ.አ. በ1900 ያቀረበው ሐሳብ ነበር፦ የማነጣጠሪያውን ምልክት በብርሃን ሠርቶ መስታወት ላይ ማንጸባረቅ። ምልክቱ ዒላማው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላኖች ማነጣጠሪያ በዚህ ሠራ። ኤሌክትሮኒክሱ ሲያንስና ሲረክስ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.)፣ የስዊድኑ ኤይምፖይንት ለጠመንጃ የሚሆን አደረገው። ሬድ ዶት ለሚሮጥ፣ ለሚበር፣ ለማይጠብቅ ነገር የተፈጠረ ነው ማለት ነው።

ካርባይን ራሱስ? አጭርና ቀላል ጠመንጃ ነው፤ ድሮ ለፈረሰኛ የተሠራ፣ በኋላ ረጅም ጠመንጃ ለሚያስቸግረው ሁሉ። የእኛ ወታደሮች በደንብ ያወቁት ኮሪያ ላይ ነው። በ1943 ዓ.ም. የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ነበር። ኤም ዋን ጋራንድ ከ4 ኪሎ ይበልጣል፤ ኤም ዋን ካርባይን 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ለሌሊት ቅኝት የቱ እንደሚሻል ለመገመት ወታደር መሆን አያስፈልግም። በዚያው ጦርነት አሜሪካኖች ካርባይን ላይ በጨለማ የሚያሳይ የኢንፍራሬድ ስኮፕ ገጥመው ነበር፤ ከከባድ ባትሪው ጋር። ቀላሉን ጠመንጃ መልሶ የሚያከብድ ነገር የጫኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከፊት የሚንኮሻኮሸው ነገር ምን እንደሆነ ካልታወቀ ቅለቱ ብቻውን አያድንም።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

በተራ ብረት ማነጣጠሪያ ዓይናችሁ የኋላውን፣ የፊቱንና ዒላማውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አለበት፤ አይችልም። ሬድ ዶት ይህን ድካም ያስቀራል። ትንሽ መብራት ልዩ ቅብ ባለው መስታወት ላይ ይነጥርና ነጥቧ ከዒላማው ጋር እኩል ርቃ ትታያለች። ዓይን ትንሽ ወደ ጎን ቢልም ነጥቧ ብዙ አትስትም። ሁለቱም ዓይኖች ክፍት ስለሆኑ አካባቢው አይጠፋም። ባትሪውም ዛሬ በጥሩዎቹ ላይ ለዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ምንም አያቀርብም። መደበኛ የሚባለው የ2 ደቂቃ ነጥብ 100 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ 300 ሜትር ላይ ወደ 17። ዓይኑ አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ደግሞ ነጥቧን ክብ ሳይሆን የተበተነች ኮከብ አድርጎ ያያታል።

ስኮፕ ያቀርባል። አራት እጥፍ የሚያጎላ ስኮፕ 300 ሜትር ላይ ያለውን ሰው 75 ሜትር ላይ እንዳለ አድርጎ ያሳያል። ዱላው ዱላ ይሆናል፤ በሻሽ የተጠቀለለው ፊት የሴት ወይዘሮ ይሁን የወንድ ይለያል። ዋጋው ግን አለ፦ ይከብዳል፣ ዓይን ከመስታወቱ ትክክለኛ ርቀት ላይ ካልዋለ ጥቁር ጥላ ይመጣል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል፣ ዳር ዳሩ ከእይታ ይወጣል። 20 ሜትር ላይ ድንገት ለሚመጣ ነገር ዘገምተኛ ነው።

ስለዚህ ሠራዊቶች ሲያመነቱ ኖረዋል። የአሜሪካ ጦር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሬድ ዶትን ለካርባይኖቹ በብዛት ገዛ። የባሕር ኃይል ወታደሮቹ፣ ማሪኖቹ፣ ቆይተው አራት እጥፍ የሚያጎላውን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የምድር ጦሩ ለአዲሱ ጠመንጃው ከ1 እስከ 8 እጥፍ የሚቀያየር ስኮፕ መረጠ፤ 1 ላይ ሲሆን ሁለት ዓይን ከፍቶ እንደ ሬድ ዶት ለመጠቀም፣ ሲያስፈልግ ለማቅረብ። ከባድና ውድ ነው፤ አዝማሚያው ግን ወደ ማየት መሄዱን ያሳያል።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ለጨዋታው የፈለጋችሁትን ግጠሙ። ለእውነተኛው ምድር ግን፣ በተለይ ከሸንተረር ሸንተረር ለሚተያይ አገር፣ የሚያቀርበውን እመርጣለሁ። ፍጥነት ጥቂት ሰከንድ ያተርፋል፤ ኩታበርን የመሰለ ቦታ ላይ ግን በሁለት ጦር መካከል ሁልጊዜ እረኛ አለ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው አለ፣ በቅሎ የሚነዳ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በኩታበርና በደሴ ሲያልፍ ሰዉ ቤቱን ጥሎ በዚያው መንገድና በዚያው ገደል ነበር የሚሄደው። ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም ጥቁር ነጥብ ነው፤ በጥቁሯ ነጥብ ላይ ቀይ ነጥብ መጨመር ማንነቷን አይናገርም።

ስኮፕ ብቻውን ሰውን አዋቂ አያደርገውም። የቀረበውን ነገር ለማየት የሚታገሥ ያስፈልገዋል። እሮጌም ላይ ቢሆን፣ ከፋላ ሆኖ በቅሎዎቹ የተጫኑትን ለመለየት ጥቂት መጠበቅ ምናልባት ይበቃ ነበር። ላይ ያለው ሰው በቅሎ አየ፤ በቅሎዎቹ ምን እንደተጫኑ ያወቁት የወረዱት ናቸው።