ለአንድ በሽታ ሦስት በጀት፦ የሕዝብ ገንዘብና የቴክኖሎጂ ሽግግር በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

በመካነ ሰላም ዙሪያና በለጋምቦ ደጋ ባቄላ ከገብስና ከስንዴ ጋር እየተፈራረቀ ይዘራል፤ አፈሩንም ያዳብራል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ወዲህ ግን አርሶ አደሩ «ቆርምድ» የሚለው በሽታ በአማራ ደጋዎች ተስፋፍቶ የባቄላውን ቅጠልና ግንድ እያሳበጠ ምርቱን ይቀንሳል። በሽታውን ለመከላከል አምጪውን ፈንገስ ማጥናት፣ ታጋሽ ዝርያ መምረጥ፣ ዘር ማባዛት፣ መድኃኒት የሚረጭበትን ጊዜ በየቀበሌው ማስተማር ያስፈልጋል።

እነዚህ ሥራዎች በአንድ ማሳ ላይ ቢገናኙም ገንዘባቸው አይገናኝም። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በጀቱን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ምሥራቅ አማራን የሚያገለግለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በክልሉ ምርምር ተቋም ሥር ነው፤ የሚገኘውም በሰሜን ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ብዙ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ደግሞ የወረዳው ነው። አንዱ በጀቱን በጊዜው ቢያገኝና ሌላው ቢዘገይ ክረምቱ ማንንም አይጠብቅም።

መለያየቱ የቆየ ነው። በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድነት ይዞ ነበር የተነሣው። ኤክስቴንሽኑ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ቆመ። ለኮሌጁ አርአያ የሆነው አሜሪካ ግን በ1914ቱ የስሚዝ ሌቨር ሕግ ፌዴራሉ ለኤክስቴንሽን ሲከፍል ግዛቶች ድርሻቸውን እንዲጨምሩ አድርጎ ሥራውን ከኮሌጆቹ ጋር አስሯል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንዱስትሪና ከማኅበረሰብ ጋር እንዲተሳሰሩ ይጠይቃል። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትስስሩን የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ የየተቋሙ ሆኖ እስከቀረ ድረስ የጋራ ስምምነት ከፊርማ አያልፍም። በእኔ እምነት መንግሥት የምርምር ገንዘቡን ከፊል ለተቋም ሳይሆን ለችግር መመደብ አለበት፦ ለቆርምድ አንድ የጋራ ቋት፣ የዩኒቨርሲቲው፣ የስሪንቃና የወረዳው የጋራ ዕቅድ፣ የአርሶ አደሮች ተወካይም ድምፅ ያለው የክፍያ ቦርድ። ቀጣዩ ክፍያ የሚለቀቀው ዘሩ በገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከል ተሞክሮ፣ ዝርያውን ባለማሳዎቹ ራሳቸው ሲመርጡ ይሁን። የመጀመሪያውም ክፍያ ከዘር ወቅት በፊት ይድረስ።