የፍሪሲዮን ሸራ

ሽታው የጀመረው አላጄ ዳገት ላይ ነው። የተቃጠለ ፀጉር ከተቃጠለ ወረቀት ጋር ሲቀላቀል የሚሸተውን ታውቁታላችሁ? እሱ ነው። ከኋላ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ሾፌራችን ሬዲዮውን ከፍ አደረገና «ፍሪሲዮን ነው፣ ችግር የለውም» አለን። ችግርማ ነበረው። ቁሓ ስንደርስ ሞተሩ እየጮኸ ሚኒባሷ ግን አልሄድ አለች። እኛም ከነሻንጣችን አስፋልት ዳር ቀረን።

ለነገሩ በፍሪሲዮን ምክንያት መቅረት ካለ ከቁሓ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ዛሬ የመቀሌ ክፍለ ከተማ ብትሆንም ቁሓ የመንገድ ልጅ ናት። መቀሌ ከዋናው የአዲስ አበባ–አስመራ መንገድ ወደ ጎን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብላ ስትቀመጥ፣ ቁሓ መንገዱ ላይ ናት። ጣሊያን በ1935 መጨረሻ መቀሌን ከያዘ በኋላ እስከ 1941 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) መንገዱን ሲሠራ ቁሓ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያም ነበረው። ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖች ከአስመራ በአዲግራት አድርገው እዚህ ይደርሱና ወደ አላጄ፣ ከዚያም ወደ ማይጨው፣ ኮረምና አላማጣ ያመሩ ነበር። ግራካሱን ያየ ሰው የሚሆነውን ይገምታል፦ አላማጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ኮረም ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያስወጣው ያ ሁሉ ጥምዝምዝ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ሾፌሩ የጎደለውን ጉልበት በግማሽ ፍሪሲዮን ሊሸፍን ይሞክራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ፍሪሲዮኑ ነው።

ጣሊያን ሲሄድ መንገዱንም ቃላቱንም ትቶልን ሄደ። ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ፖርቶመጋላ፣ ፍሪሲዮን። የመጨረሻው በጣሊያንኛ ትርጉሙ ሌላ ምንም ሳይሆን በፊዚክስ ክፍል «ሰበቃ» ብለን የተማርነው ነው። ትክክለኛ ስም ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ከባድ ብረት አለ፤ ካምቢዮውን የሚያዞር ዲስክ ደግሞ ከጎኑ አለ። ፔዳሉን ስትለቁ ሁለቱ ይጣበቃሉ። እስኪጣበቁ ድረስ ባለችው ትንሽ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ይፋተጋል፣ ይግላል። ያንን ግለት የሚችለው ዲስኩ ላይ የተለበጠው ነገር ነው፤ መካኒኮቻችን «ሸራ» ይሉታል።

ሸራ! እንደ ድንኳኑ፣ እንደ ጫማው። ብዙዎቻችን ስንሰማው ዝም ብሎ የጋራዥ ቋንቋ ይመስለናል እንጂ ቃሉ ታሪኩን በልኩ ይዟል። በ1897 እንግሊዝ አገር ኸርበርት ፍሩድ የሚባል ሰው፣ ባለጋሪዎች ቁልቁለት ላይ ያረጀ የጫማ ሶል ጎማው ላይ እያስደገፉ ፍሬን ሲያደርጉ አየ ይባላል። እሱም የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ በማጣበቂያ አርሶ የፍሬን ሸራ ሠራ። የስሙን ፊደላት አዘዋውሮ አንዲት ፊደል ጨመረና ፌሮዶ አለው። ጣሊያኖች ዛሬም የፍሬን ሸራን በደፈናው «ፌሮዶ» ነው የሚሉት። ጥጥ ግን ይቃጠላል። ስለዚህ በ1908 ፍሩድ ከመሬት የሚወጣ፣ እንደ ክር የሚፈተል፣ እሳት የማይበላው ማዕድን አስገባ፦ አስቤስቶስ።

ለአብዛኛው 20ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም መኪና ሁሉ በዚህ ነው የሄደው። በቁሓ ያለፉት ላንቺያዎችም፣ በኋላ የመጡት ኤንትሬዎችም። ግሩም ነገር ነበር፤ ርካሽ፣ የማይቃጠል፣ የሚይዝ። ክፋቱ ሲፋቅ አቧራ መሆኑ ነው። ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ሙሉ በሙሉ አገደው። አሜሪካ በመለዋወጫ የፍሬን ሸራ ላይ የቀረውን ለመከልከል እስከ 2024 ቆይታለች፤ እኛን እንዲህ ብንዘገይ ማን ይተወን ነበር?

ምትኩ ከየት መጣ? ከከሰል። አትሳቁ። ኤዲሰን በ1879 አምፖሉን ያበራው የጥጥ ክር አክስሎ ነበር። በ1958 አሜሪካዊው ሮጀር ቤከን እጅግ ጠንካራ የካርቦን ክር በላቦራቶሪ አገኘ። ዛሬ አብዛኛው የካርቦን ክር የሚሠራው ከአክሪሊክ ነው፤ የሹራባችን ክር ዘመድ ነው። አየር በሌለበት ከ1,000 ዲግሪ በላይ ያከስሉታል። አክሳዮች እንጨቱን አፈር አልብሰው እንደሚያከስሉት ማለት ነው፤ አየር ካገኘማ አመድ ይሆናል። ኮንኮርድ በካርቦን ፍሬን በረረ፤ ብራብሃም በ1976 ፎርሙላ ዋን ላይ ሞከረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ያስገባቸው ድሪምላይነሮች ፍሬናቸው ካርቦን ነው።

ለሚኒባሳችን ግን ይሄኛው አይሆንም። ዋጋው አይቀመስም፤ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ካርቦን የሆነ ፍሪሲዮን ካልጋለ በደንብ አይዝም፣ ጠዋት በቁሓ ብርድ መኪና ለሚያስነሳ ሰው ቀልድ ነው። መንገድ መኪና ውስጥ የገባው በሌላ በር ነው፦ በኦቶማቲክ ካምቢዮ። እዚያ ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። ከካርቦን ክር የተሸመነ ጨርቅ በክሮቹ መሐል ዘይቱን ስለሚያሳልፍ ግለቱ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ከጥጥ ጨርቅ ተነስተን፣ በማዕድን በኩል ዞረን፣ ከ100 ዓመት በኋላ እንደገና ጨርቅ ላይ ደረስን። መካኒኮቻችን ቃሉን ስላልቀየሩት ልክ ሆነው ተገኙ።

(ከ2020 እስከ 2022 ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶ በነበረበት ጊዜ መኪኖች በምን ሸራ እንደኖሩ የራሱ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እንመለስበታለን።)

ጋራዡ ውስጥ ካምቢዮው ወረደ። የድሮው ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ አልቋል። ረዳቱ፣ ከ16 ዓመት የሚበልጥ አይመስለንም፣ የአየር ቱቦውን አንስቶ የጠቆረውን አቧራ ሊያራግፈው ሲል «ወንድሜ፣ በእርጥብ ጨርቅ ብትጠርገውስ?» አልነው። ሳቀብን። መካኒኩ ግን አልሳቀም፤ ባልዲ አስመጣለት።

አዲሱን ሸራ ልንገዛ ከሾፌሩ ጋር መለዋወጫ ቤት ሄድን። ዋጋው ከተነገረን በኋላ «ከምንድን ነው የተሠራው?» ብለን ጠየቅን። ሻጩ ካርቶኑን በስድስቱም ጎን አገላብጦ አየው። የመኪናው ሞዴል አለ፣ ቁጥር አለ፣ «ኦሪጅናል» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ።

ስለ ክሩ ምንም አልተጻፈም።