እንጉዳይ በል የሆነው ብልና «የኢትዮጵያ ክፍል» የተባለው ስም

ብል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሣጥን ያለ የሱፍ ልብስ የሚበላውን ነው። ነገር ግን በሳይንስ ቲኔይዴ የሚባለው የብል ወገን ከዚህ በጣም የሰፋ ነው። የሌሎች የእሳት እራቶች እጮች አብዛኞቹ ቅጠል ሲመገቡ፥ ከዚህ ወገን ግን ብዙዎቹ በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚበቅለውን እንጉዳይ፥ ሻጋታን፥ ፀጉርንና ላባን ይበላሉ። ከነዚህ አንዱን ሊኔዎስ በ1758 (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ግራኔላ ብሎ ሰየመው። የዚህ ትንሽ ብል እጭ ከዛፍ እንጉዳይ አልፎ በጎተራ ያለውን እህል ስለሚያጠፋ፥ ስሙን ከእህል አገኘ።

ስለዚህ ወገን ጎዝማኒና ቫሪ የተባሉ ሊቃውንት በ1973 በፕሪቶርያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። አርእስቱ «የኢትዮጵያ ክፍል ቲኔይዴ» የሚል ስለ ሆነ፥ ያገራችን ብሎች ተቈጥረው ያለቁ ሊመስለን ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስክሌተር የተባለው እንግሊዛዊ በ1858 የዓለምን ወፎች በስድስት ክፍል ሲመድብ፥ ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ «የኢትዮጵያ ክፍል» አለው፤ ዋላስም በ1876 ይህንኑ ስም አጸናው። ስሙ የተወሰደው የጥንት ግሪኮች የጥቁር ሕዝብን አገር ከሚጠሩበት አጠራር ነው። ስለዚህ በኮንጎ ወይም በደቡብ አፍሪካ የተያዘ ብል ሁሉ «የኢትዮጵያ» ይባል ነበር። ክሮስኪና ዋይት በ1977 «አፍሮትሮፒካል» የሚለውን ስም ያቀረቡት፥ ክፍሉ ከመንግሥታችን ስም ጋር እንዳይደባለቅ ነው።

ስሙ እንዲህ ሲሰፋ፥ በአሶሳ አጠገብ እንዳለችው እንደ ጾሬ ያሉ ስፍራዎች በታሪክ የተጻፉት በሌላ ምክንያት ነው። በ1821 የመሐመድ ዓሊ ልጅ የእስማኤል ሠራዊት ወደ ፋዞግሊና ወደ ቤኒ ሻንጉል ሲዘምት ወርቅና ባሪያ ፈልጎ ነበር፤ ፈረንሳዊው ካዮም ይህንኑ ሠራዊት ተከትሎ መጣ። ከ1881 እስከ 1883 የተዘዋወረው ሆላንዳዊው ስኩቨርም ስለ ምድሩና ስለ ሕዝቡ ጻፈ። የጎተራ ተባይ ጉዳይ ግን የዘመቻም የጉዞም ምክንያት ሆኖ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ለገበሬው ከወርቁ ያላነሰ ነገር ነው። የአሶሳ ክረምት ረጅም ነው፤ ማሽላውና በቆሎው እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። እህሉን ያበላሸው ደረቅ ፍሬ የሚቦረቡር ነቀዝ ነው፥ ወይስ ሻጋታን ተከትሎ የገባ ብል? ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሁለተኛው ከሆነ፥ ዋናው መድኃኒት እህሉን በደንብ አድርቆ ማግባት ነው።

እንግዲህ በጥንት መጻሕፍት «የኢትዮጵያ» የሚል ቃል ስናገኝ፥ ተባዩ የተያዘበትን ስፍራ ሳንመለከት ያገራችን ነው ብለን ልንቈጥር አይገባንም። የአንድ አገር ተፈጥሮ ታሪክ የሚጀምረው ከአርእስቱ ሳይሆን ቀንና ስፍራ ከተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለችው ወረቀት «ጾሬ» የሚል ስም እንድትይዝ ማድረግ የኛ የተማሪዎች ሥራ ነው።