የኡሳምባራ ዓለት አበባ

በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ከቢሮ መስኮት ሥር ወይም ከሳሎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ የምትታይ አንዲት ትንሽ አበባ አለች። ቅጠሎቿ ክብ፣ ወፈር ያሉና ጸጉራም ናቸው፤ አበቦቿ አብዛኛውን ጊዜ ወይን ጠጅ ሲሆኑ መካከላቸው ደማቅ ቢጫ ነው። ሻጮቿ «አፍሪካን ቫዮሌት» ይሏታል። ስሟን በእንግሊዝኛ ብቻ የሰማ ሰው የፈረንጅ አበባ ናት ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። የትውልድ አገሯ ግን ከታንጋ ወደብ በስተ ምዕራብ የሚነሣው የኡሳምባራ ተራራማ ደን ነው፤ ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ ይገኛል።

ወደ ቤት ከገባች በኋላ የሚደርስባት ዕጣ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የቤቱ እመቤት ጠቧታል ብላ ወደ ትልቅ መትከያ ታዛውራታለች፤ ጠዋትና ማታ ከአናቷ ውሃ ታፈስባታለች፤ ፀሐይ ይድረሳት ብላም በረንዳ ላይ ታወጣታለች። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሎቿ ይልፈሰፈሳሉ፣ መካከሏ ይበሰብሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በቸልታ ሳይሆን አበባዪቱ የዓለት ተክል መሆኗን ካለማወቅ ነው።

አውሮፓውያን ከአበባዪቱ ጋር የተዋወቁት ዘግይተው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 በዛንዚባር የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ጆን ከርክ፣ በ1887 ደግሞ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ የደረቀ ናሙና ወደ ለንደኑ የኪው የዕፅዋት ማዕከል ልከው ነበር። ናሙናዎቹ ግን ተክሏን ለይቶ ስም ለማውጣት የሚበቁ ሆነው ስላልተገኙ በዚያው ተቀመጡ። ከዚያ በ1892 የታንጋ አውራጃ የጀርመን አስተዳዳሪ የነበረው ባሮን ዋልተር ፎን ሴንት ፖል ኢሌር አገኛትና በጀርመን ለሚኖሩት አባቱ ላከላቸው። ይህ የሆነው ከዓድዋ ጦርነት አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የበርሊን ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ በእጃቸው ባስገቡበት ዘመን ነው። ጀርመኖች በኡሳምባራ ደኑን እየመነጠሩ ቡና መትከል ጀምረው ነበር፤ ከታንጋ ወደ ተራራው የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ ሥራም በ1893 ተጀመረ።

ባሮኑ በ1890 የስዋሂሊ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ በበርሊን አሳትሞ ነበር። ሚስዮናዊው ቴይለርም የስዋሂሊን ምሳሌያዊ አነጋገር በመሰብሰብ የታወቀ ሰው ነው። አበባዪቱን ከለቀሙት ከሦስቱ ሰዎች ሁለቱ የቋንቋ አጥኚዎች ሆነው ሳለ፣ ከተራራው ሕዝብ ከሻምባላዎች ቋንቋ አንድም ቃል ወደ ሳይንሳዊ ስሟ አልገባም። የሐኖቨሩ የሄረንሐውዘን የዕፅዋት ቦታ ኃላፊ ሄርማን ቬንድላንድ በ1893 መልኳን ዘርዝሮ ሲጽፍ «ሴንትፖሊያ አዮናንታ» አላት። የመጀመሪያው ቃል የባሮኑና የአባቱ መታሰቢያ ነው፤ ሁለተኛው «ቫዮሌት የሚመስል አበባ ያላት» ማለት ነው። ከቫዮሌት ጋር ግን ከመልክ በቀር ምንም ዝምድና የላትም። ጀርመኖች በዘልማድ «የኡሳምባራ ቫዮሌት» ማለታቸው ቢያንስ ተራራውን አስታውሷል፤ እንግሊዝኛው «አፍሪካን» ብሎ ባሰፋው ጊዜ ግን አድራሻዋ ጠፋ።

በዚያው በ1893 በቤልጅጓ ጌንት ከተማ በተከፈተ የአበባ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበች። የቤት አበባ ሆና የገነነችው ግን በአሜሪካ ነው። በ1926 በሎስ አንጀለስ የሚገኙት አርማኮስትና ሮይስተን የተባሉ አበባ አምራቾች ከጀርመንና ከእንግሊዝ ዘር አስመጥተው ካበቀሏቸው መካከል ዐሥር ዝርያዎችን መረጡ። ከዐሥሩ ለብዙዎቹ ያወጡላቸው ስም «አድሚራል»፣ «ኮሞዶር»፣ «ኔፕቲዩን»፣ «ቫይኪንግ»፣ «መርከበኛው ልጅ» የሚል ነበር። የተራራ ጥላ ያሳደጋት ተክል ሁሉ ነገሯ የባሕር መሆኑ ያስቃል። በ1946 በአትላንታ ከተደረገ ትርኢት በኋላ የአሜሪካ የአፍሪካን ቫዮሌት ማኅበር ተመሠረተ። ለመባዛት አንድ ቅጠል ብቻ ስለሚበቃት፣ አፍቃሪዎቿ እርጥብ ወረቀት የተጠቀለለ ቅጠል በፖስታ ይላላኩ ነበር።

የቤት አያያዟ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ዓለት ነው። በደኑ ውስጥ ጥላ ባለበት ገደል ላይ፣ የድንጋይ ሽበትና የበሰበሰ ቅጠል በተጠራቀመበት ስንጥቅ ትበቅላለች። አፈሩ ከጥቂት ጣት አይዘልም፤ ውሃው ይነካትና ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ ሥሯ ቀጭንና ጥልቀት የሌለው ነው። በትልቅ መትከያ ውስጥ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ እንደያዘ ይቆይና ብስባሴ ያመጣባታል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የመትከያው አፍ ስፋት ከቅጠሎቿ ጠቅላላ ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን ይላሉ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ለተዘረጋች አበባ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል ማለት ነው። በየቤታችን አበባ የምንተክልበት የወተት ጣሳም ቢሆን ከሥሩ ካልተበሳ ለእርሷ ወጥመድ ነው፤ ከተበሳም ይሰፋታል።

የማዛወሪያው ጊዜ የሚታወቀው በአንገቷ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች እያረጁ ሲረግፉ ግንዷ እንደ ራቁት አንገት ብቅ ይላል። ያን ጊዜ መትከያ ከማስፋት ይልቅ ተክሏን ዝቅ ማድረግ ይገባል። ያረጁት ቅጠሎች ይነቀላሉ፤ የአንገቱ ቡናማ ልጣጭ በደነዘዘ ቢላ በስሱ ይፋቃል፤ ከሥሩ ጉብታ በታች በኩል የአንገቱን ርዝመት ያህል ይቆረጣል። ሥር መቁረጥ ጭካኔ ቢመስልም አዲስ ሥር ከተፋቀው አንገት ይወጣል። ከዚያ ቅጠሎቿ ከመትከያው አፍ ጋር እስኪስተካከሉ ድረስ ዝቅ ብላ ትተከላለች። አፈሩ ቀላል መሆን አለበት፤ የተነፋ የቅጠል ብስባሽ ከደቀቀ ፑሚስ ጋር ቢደባለቅ ዓለቷን ይመስልላታል። በእጅ መጠቅጠቅ ግን አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለብ ያለ ውሃ በመጠኑ ታጠጣለች፤ ሥር እስክትይዝ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በሚያሳይ ላስቲክ ተሸፍና ከቀጥታ ፀሐይ ርቃ ትቆያለች። ቅጠሎቿ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጠወልጉ ውሃ መጨመር ስህተት ነው፤ የተቆረጠው ሥር ሊጠጣው አይችልም። ማዳበሪያም ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ። ስትጸና ከታች በሳሕን ውሃ ይቀርብላታል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የተረፈው ይደፋል። ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሏን ሲነካ ከላይኛው ቆዳ ሥር ያለውን አረንጓዴ ክፍል ስለሚጎዳው ቢጫማ ጠባሳ ይተዋል፤ ብዙዎች ይህን በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይፈልጉለታል። የጠዋት ብርሃን ያለው መስኮት ይስማማታል። በደጋ ከተማ ግን የኅዳር ሌሊት የመስኮቱን ብርጭቆ ስለሚያበርደው ማታ ማታ ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ይሻላል።

የስሟ ነገር ከባሮኑ ጋርም አልጸናም። በ2015 የዕፅዋት ተመራማሪዎች የዘር ግንዷን መርምረው ከሌላ የአፍሪካ ወገን ጋር ስለደባለቋት፣ ዛሬ «ስትሬፕቶካርፐስ አዮናንቱስ» ትባላለች። ስሙ በግሪክኛ «ጠምዛዛ ፍሬ» ማለት ሲሆን የእርሷ ፍሬ ግን አይጠመዘዝም።

ጀርመኖች በ1902 የምርምር ጣቢያ ባቋቋሙበት በአማኒ በ1997 የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ተከልሏል። ከጥብቅ ክልሎች ውጭ የሚገኙት አለቶች ግን ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ይጋለጣሉ። በኬንያም ዘመዶቿ አሉ፤ ከእነርሱ አንዷ በታይታ ኮረብታዎች፣ በምቦሎሎ ደን ብቻ ትገኛለች። ዛፉ ሲወድቅ አለቱ ለፀሐይ ይገለጣል፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ጥቂት አፈር ይደርቃል፤ አበባዪቱም አብራ ትደርቃለች።