ከምንጭ ጽሑፍ እስከ ጥቅል፤ የአውኚ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት መንገድ

የአዊ ሕዝብ ቋንቋ አውኚ፥ በአማርኛ ራሱን የቻለ ፊደል የሌለው አንድ ድምፅ አለው። ድምፁ የምላስ ሥር ከላንቃ ጋር ተጋጥሞ በአፍንጫ የሚወጣ ሲሆን በ«ጝ» ይጻፋል። የቋንቋው ስም ራሱ ይህን ድምፅ ይዟል፤ በአማርኛ «አውኚ» ብለን ስንጽፍ በሌላ ድምፅ ተክተነው ነው። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አንድ መምህር የትምህርት ገጽ በኮምፒዩተር ሲያዘጋጅ፥ ፊደሉ ከመኪናው ውስጥ ከሌለ በስፍራው ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል። ስለዚህ ይህ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበትን መንገድ መመርመር የቋንቋውን የጽሕፈት ታሪክ አንድ ክፍል መመርመር ነው። ፊደሉ ያለፈው በሦስት በሮች ነው፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገውም ሦስተኛውና እምብዛም የማይመሰገነው በር፥ ማለት ሶፍትዌርን ከምንጭ ጽሑፉ ሠርቶ ወደሚጫን ጥቅል መለወጥ፥ ከሁለቱ የማያንስ መሆኑን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በር ቍጥር ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በተሰጠው ቍጥር ስለ ሆነ፥ የግዕዝ ፊደል በግል ኮምፒዩተር መጻፍ በጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈውም በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደላችንን በላቲን ምልክቶች የሚወክል «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታዎች ሲመድብ፥ የ«ጘ» ቤት ሰባቱ ፊደላት ከነዚያ መካከል ነበሩ። በ2005 ደግሞ በዩኒኮድ 4.1 «ጟ»ና ሌሎች የዚሁ ቤት ዲቃላ ፊደላት ተጨመሩ።

ሁለተኛው በር ቅርጽ ነው፤ ቍጥር ብቻውን በዓይን አይታይምና። «አቢሲኒካ ሲል» የተባለው ፎንት ለነዚህ ቍጥሮች ቅርጽ ከሰጡት አንዱ ነው። ፈቃዱም ማንም ሰው ፎንቱን እንዲጠቀምበት፥ እንዲያጠናው፥ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ያሻሻለው ሰው የተጠበቀውን ስም ትቶ አዲስ ስም ማውጣት አለበት።

ሦስተኛው በር ጥቅል ነው። የዚህን ነገር ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 በቤል ላቦራቶሪ «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ከሠራ ወዲህ፥ ምንጭ ጽሑፍን ወደ ሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ እየቀለለ ሄደ። የተለመደው አካሄድ ሦስት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያ መኪናው የሚያስፈልገውን መያዙ ይመረመራል፥ ቀጥሎ ፕሮግራሙ ይሠራል፥ በመጨረሻ ፋይሎቹ በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ችግሩ ያለው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ፋይሎቹ በብዙ ስፍራ ሲበተኑ ምን የት እንደ ገባ የሚመዘግብ የለም። አዲስ እትም ሲወጣ አሮጌውን ማንሣት ያስቸግራል፤ ሥራውን የሠራው ሰው ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ ደግሞ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል።

በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው ዴቢያን ለዚህ ችግር መልስ ከሰጡት አንዱ ነው። የዴቢያን ጥቅል በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉት፤ እነርሱም የጥቅሉን ዓይነት የሚገልጽ ትንሽ ፋይል፥ የመግለጫ ክፍልና የሚጫኑት ፋይሎች ናቸው። መግለጫው የጥቅሉን ስም፥ እትሙን፥ ኀላፊውንና ሥራው የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች ይናገራል። ጥቅሉን የሚጭነው «ዲፒኬጂ» እያንዳንዱን ፋይል ስለሚመዘግብ፥ የገባው ሁሉ ተለይቶ ሊወጣ ይችላል። አቢሲኒካ ሲልም በዚሁ መንገድ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» በሚል ስም ጥቅል ሆኖ በዴቢያን ማኅደር ገብቷል።

ከምንጭ ወደ ጥቅል የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። አጭሩ «ቼክኢንስቶል» በተባለ መሣሪያ የሚደረገው ነው፤ መሣሪያው የመጨረሻውን ደረጃ እየተከታተለ የተቀመጡትን ፋይሎች መዝግቦ ጥቅል ያደርጋቸዋል። ለራስ መኪና ይበቃል፤ ነገር ግን ጥቅሉ የሚያስፈልጉትን ነገሮች በራሱ አጣርቶ ስለማይጽፍ ለሌላ ሰው ለመስጠት አይታመንም። ረጅሙ መንገድ የመግለጫውን፥ የለውጦቹን ታሪክ፥ የፈቃዱንና የአሠራሩን ፋይሎች በእጅ ጽፎ፥ ጥቅሉን ምንም ትርፍ ነገር በሌለበት ንጹሕ ስፍራ መሥራት ነው። የተረሳ ነገር ካለ ሥራው እዚያው ተሰናክሎ ይጋለጣል።

ይህ ሁሉ ትርፍ ድካም ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ስለ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ከሆነ ነገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ሃያ ኮምፒዩተሮች ያሉበትን የትምህርት ቤት ክፍል እናስብ። ሁሉንም ከምንጭ መሥራት ሃያ ጊዜ መድከም ነው፤ ጥቅሉ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ሃያ ጊዜ ይጫናል። የፎንት ጥቅል ደግሞ ለማናቸውም ዓይነት መኪና አንድ ስለ ሆነ፥ ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ እንኳ በፍላሽ ተይዞ ሊሄድ ይችላል። ሌላ ጥቅል የሚፈልግ ሶፍትዌር ከሆነ ግን ተፈላጊዎቹም አብረው መያዝ አለባቸው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ቍጥሩን የሰጡትና ቅርጹን የሣሉት ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ሆኖም ፊደሉ ከተማሪው ገጽ የሚደርሰው፥ አንድ ሰው ስሙን ጽፎ «የዚህ ኀላፊ እኔ ነኝ» ሲል ነው። አውኚን የመሰለ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ይህን ኀላፊነት ሁልጊዜ ከሩቅ ሰው ሊጠብቅ አይገባውም። ምንጩ ክፍት ነው፤ ፈቃዱም ተሰጥቷል። የአዊን ልጆች ጨምሮ የኮሌጃችን ተማሪዎች የጥቅል አሠራርን ቢማሩ፥ ነገ የሚጐድል ፊደል ሲገኝ ራሳቸው ሠርተው፥ ጠቅልለውና መዝግበው ለሚቀጥለው ትውልድ ሊያስረክቡ ይችላሉ።